ሥራ መሥራትና ሥራ መያዝ

ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ላይ፣ የነቀምቱ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት በሚገነጠልበት አካባቢ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣቶች ቆመው ይታያሉ። ግማሾቹ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ አንድ ሁለቱ አካፋ ይዘዋል። አይሱዙ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ሁሉም ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲቆም ረዳቱ ብቅ ብሎ «አራት ሰው!» ይላል፤ ስምንት ሰው ይንጠለጠላል፤ አራቱ ይወርዳሉ። የቀናቸው ሁለት ሰዓት ያህል አራግፈው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ የድርሻቸውን ተካፍለው ይመለሳሉ። የቀረው ቀን ጀበና ቡና የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ያልፋል። በማግስቱም እዚያው ናቸው።

ከእነዚህ ወጣቶች የአንዱ ቤት የስታቲስቲክስ መረጃ ሰብሳቢ ቢመጣና «ባለፉት ሰባት ቀናት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ሠርተሃል?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ «አዎ» ነው። ልጁ አልዋሸም። መዝገቡ ላይ «ሥራ ያለው» ተብሎ ይሰፍራል። በዚያው ሰዓት እናቱ ጓዳ ሆነው ለጎረቤታቸው «የኔ ልጅ እኮ እስካሁን ሥራ አልያዘልኝም» ይላሉ። እሳቸውም አልዋሹም።

በእኛ አነጋገር ሥራ መሥራትና ሥራ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «የእገሌ ልጅ ሥራ ያዘ» ሲባል ደመወዝተኛ ሆነ፣ ወሩ ሲደርስ የሚጠብቀው ነገር አለ፣ ሚስት ቢያገባም አያፍርም ማለት ነው። ሥራ መሥራትማ ማን የማይሠራ አለ! ውኃ የምትቀዳው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ እንጨት ፈልጦ የሚሸጠው ሁሉ ከሌሊት ጀምሮ ይሠራል። በየጥቂት ዓመቱ የሚወጣው የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚቆጥረው መሥራትን ነው፤ ሕዝቡ የሚጠብቀው ግን መያዝን ነው። ምጣኔው ወረደ ሲባል ዜና አንባቢውና አድማጩ ስለ ተለያየ ነገር የሚያስቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

መለኪያው ሆን ተብሎ ሰው ለማታለል የተሠራ አይደለም። የአንድ ሰዓቱ ደንብ በዓለም ሥራ ድርጅት ጥላ ሥር የሚሰበሰቡ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተስማሙበት ነው። ምክንያትም ነበራቸው። የአገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላ የአንድ ሰዓት ሥራ ውጤትም ተደምሮ ይገባል፤ ምርቱ ከተቆጠረ ያመረተው እጅም መቆጠር አለበት አሉ። ለዚያ ዓላማ ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ለአንድ ዓላማ የተቆረጠ ልብስ ለሌላው ሲለበስ ነው፤ «ሕዝቡ ኑሮው ተሻሻለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ይኸው ቁጥር መልስ ተደርጎ ሲቀርብ።

እስቲ ስሌቱን እናፍታታው፤ ከባድ አይደለም። አንድ ቀበሌ እናስብና ለሥራ የደረሱ 100 ሰዎች ይኑሩበት። 70ዎቹ ይሠራሉ። 10ሩ ሥራ የላቸውም፣ ቢገኝ ግን ዛሬውኑ ለመጀመር ዝግጁ ናቸው። የቀሩት 20ዎቹ ተማሪዎች፣ አቅመ ደካሞች፣ ወይም በራሳቸው ምክንያት ሥራ የማይፈልጉ ናቸው። ምጣኔው ሲሰላ እነዚህ 20ዎቹ ጭራሽ አይገቡም። 10ሩ ሥራ አጦች ከ80 ሰው የሠራተኛ ኃይል ጋር ይነጻጸራሉ፤ 12.5 በመቶ ይሆናል።

አሁን ቁጥሩ እንዲወርድ እናድርግ። ከ10ሩ ሥራ አጦች አምስቱ ፋብሪካ ተቀጠሩ እንበል። አምስት ሰው ቀረ፤ 5 ለ80፤ ከ6 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ደስ ይላል። አሁን ደግሞ ፋብሪካውን እንተወውና አምስቱ ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄዱ እንበል። የሠራተኛው ኃይል ራሱ ወደ 75 ይወርዳል፤ 5 ለ75፤ ከ7 በመቶ በታች። ቀበሌው ልጆቹን አጣ፣ ምጣኔው ግን «ተሻሻለ»። ሦስተኛው መንገድ ይበልጥ ይገርማል፤ አምስቱ ሥራ ማፈላለግ ሰልችቷቸው አባታቸው እርሻ ላይ ገቡ፣ እንደ ድሮው ከወንድሞቻቸው ጋር አብረው ያርማሉ። ያለ ክፍያ ቤተሰብ የሚያግዝ ሰው በጥናቱ ሕግ ሥራ ያለው ነው። ስለዚህ 5 ለ80። ፋብሪካ ከተቀጠሩት ጋር ነጥቡ እንኳ አይለይም።

ጎጃም ውስጥ ዋናው ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የአገሪቱን ቁጥሮች እንያቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ገጠርንና ከተማን አጠቃልሎ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም.። ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን፣ በኋላ ኤጀንሲ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው የሠራቸው። አገር አቀፉ ምጣኔ በ1991 ዓ.ም. 8 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1997 ወደ 5 ወረደ፤ በ2005 ደግሞ 4.5 ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ 8 በመቶ ገባ። ከተማውን ለብቻው ካየን ከ26 በመቶ በላይ የነበረው በ1997 ወደ 20.6፣ በ2005 ወደ 16.5 ወርዶ፣ በ2010 ዓ.ም. በተደረገው የከተማ ጥናት 19.1 ሆነ። በዚህኛው የሴቶቹ ምጣኔ ከወንዶቹ እጥፍ በላይ ነበር።

የከተማው መውረድ ባዶ ነበር አልልም። በዚያ ዘመን የኮንዶሚኒየም ግንባታ ነበር፣ የመንገድ ሥራ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ በየአቅጣጫው ይገነባ ነበር። የኮብልስቶን ሥራም መጣ፤ ዲግሪ የያዘ ልጅ መዶሻና መሮ ይዞ ድንጋይ ሲጠርብ አየን። የሳቀበት ብዙ ነው፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። በዚያ ድንጋይ ጎጆ የወጡ፣ ባጃጅ የገዙ አሉ። ነገር ግን ሥራው የቆመው በበጀት ላይ ነበር፤ መንገዱ ተነጥፎ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ አለቀ። ምጣኔው በወረደበት ወቅት «ይህ ሥራ ነገም አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ መጠይቁ ላይ ቢኖርም፣ ዜናው ላይ አልነበረም።

የገጠሩ መውረድ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ እሱን ለመረዳት ጥናቱ በምን ወር እንደተካሄደ ማየት ይበቃል። የ1997ቱ ጥናት የተደረገው በመጋቢት ነው። የ2005ቱ በሰኔ ነው።

መጋቢትና ሰኔ ለቡሬ ገበሬ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ላስረዳ። በመጋቢት መከሩ ገብቷል፣ አውድማው ተጠርጓል፣ መስኖ የሌለው ሰው እጁን አጣጥፎ ዐቢይ ጾምን ይጾማል፤ አጥር ይጠግናል፣ ገበያ ይወጣል፣ ዕርቅ ይቀመጣል። በሰኔ ደግሞ አገር ምድሩ ይንቀሳቀሳል። በቆሎው ተዘርቶ ይኮተኮታል፣ የጤፉ መሬት ይደጋገማል፣ በርበሬ የሚተክለው ከመደብ ላይ ችግኝ እየነቀለ ዝናቡ እንዳያልፈው ይሯሯጣል። ሕፃን ልጅ እንኳ ከብት ሲያግድ ይውላል። በዚህ ወር የገበሬ ቤት ሄዶ «ሥራ አለህ?» ማለት በመስቀል ዋዜማ «ደመራ ይኖራል?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። በአገር አቀፉ ምጣኔ ከ5 ወደ 4.5 የወረደው ግማሽ ነጥብ ከእድገት ይሁን ከዝናብ የተገኘ፣ በሁለቱ ቁጥሮች ብቻ መለየት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ቁጥሩ ተመልሶ ሲወጣም ጥናቱ የተካሄደው በበጋ ስለነበር ያንንም ሙሉ በሙሉ ውድቀት ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ሚዛናዊ ለመሆን ለሁለቱም አቅጣጫ መጠንቀቅ ነው።

የበዓላቱን ነገር ደግሞ ጨምሩበት። ጥናቱ የሚጠይቀው ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው። ቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም፣ በባለወልድና በሰንበት ማረሻ አይነካም፤ ሁሉንም የማያከብር እንኳ ግማሹን ያከብራል። ጠያቂው በወሩ መጨረሻ ቢመጣና ያለፈው ሳምንት መድኃኔዓለምን፣ ባለወልድንና ሰንበቱን ቢይዝ፣ ሰውዬው የሠራው ሦስትና አራት ቀን ነው። ለአንድ ሰዓቱ ደንብ ይህ ለውጥ አያመጣም፤ አንድ ሰዓት ምንጊዜም ይገኛል። የሥራ ሰዓት መጠን ለሚቆጥረው ዓምድ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ዓምድ ግን ማንም የማያነበው ነው።

አሁን ወደ አባትየው እርሻ እንመለስ።

በአማራ ክልል መጠነ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ አባት ለመሆን በቅቷል፤ በስሙ ግን መሬት የለም። መሬት የሚያገኘው ከወላጅ በውርስ ወይም በስጦታ፣ ካለው ሰው በኪራይ፣ አለዚያም አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን መሬት ለእኩል በማረስ ነው። አንድ አባት አራት ቃዳ መሬት፣ ማለትም አንድ ሄክታር፣ አላቸው እንበል። ድሮ እሳቸውና አንድ ልጃቸው በጥማድ በሬ ያርሱት ነበር። አሁን ሦስት ልጆች ደርሰዋል፤ አንዱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት፣ አንዱ ከኮሌጅ ተመርቆ የተመለሰ፣ አንዱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ያቋረጠ። አራቱም ጠዋት አብረው ይወጣሉ። አንዱ እርፍ ሲይዝ ሌላው ጓል ይከሰክሳል፤ ሦስተኛው ወንፈል ሊመልስ ጎረቤት ይሄዳል። መሬቱ ያው ነው፤ ማዳበሪያው ያው ነው፤ የሚገባው በቆሎም ያው ነው፤ ተካፋዩ ብቻ በዛ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ቢሄዱ ጎተራው ውስጥ የሚጎድል ኩንታል የለም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን የተደበቀ ሥራ አጥነት ይሉታል። በጥናቱ ግን በዚህ ቤት ሥራ አጥ የለም፤ ዜሮ በመቶ ነው።

ጄኔቫዎቹም ይህን አይተው በ2013 እ.ኤ.አ. ደንባቸውን አሻሽለዋል። በአዲሱ ድንጋጌ ሰው በዋናነት ለራሱ ቤት ፍጆታ የሚያመርት ከሆነ ይሠራል ይባላል፣ ግን «ሥራ ያለው» ከሚባለው ወገን አይመደብም፤ ለዚያ ዋና ዓላማው ለገበያ ማምረት መሆን አለበት። ይህ ቡሬ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል አስቡት። ያው ልጅ፣ በዚያው ማሳ፣ ወሰኑ በማይለይ መሬት ላይ፣ ለቤት የሚሆነውን በቆሎ ሲኮተኩት ሥራ ያለው አይደለም፤ ሁለት እርምጃ ተሻግሮ ወደ በርበሬው ሲገባ፣ በርበሬው ለገበያ ነውና፣ ሥራ አገኘ! የሰውዬው ሕይወት ንክች ሳይል ምጣኔው በትርጉም ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ ዓመታት ቁጥሮች ሲነጻጸሩ «ትርጉማቸው አንድ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ አገር ድሃ ሲሆን ሥራ አጥነቱ ከፍ ይላል ብለን የምንገምት ብዙዎች ነን። ቁጥሩ ግን እንዲህ አይልም። በዓለም ሥራ ድርጅት ግምት በዓለም እጅግ ድሃ ከሆኑት አንዷ በሆነችው ኒጀር ምጣኔው ከ1 በመቶ በታች ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ነው፤ ሆኖም የደቡብ አፍሪካ ሰው አማካይ ገቢ ከኢትዮጵያዊው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የእኛ ልጆች እየተሰደዱ የሚሄዱትም ወደዚያው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራ አጥ ሆኖ ለመቀመጥ የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል፤ ጡረታ ያለው አባት፣ ድጎማ የሚሰጥ መንግሥት፣ ወይም የተጠራቀመ ገንዘብ። ምንም የሌለው ሰው ሥራ አጥ ሆኖ አይውልም፤ ያገኘውን ይሠራል። ቡሬ ገበያ ዳር ቁጭ ብላ ዛላ በርበሬ የምትቀነጥስ ሴት እጇ እየነደደ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ በኪሎ ሒሳብ ጥቂት ብር ይዛ ትገባለች። እሷ ሥራ አጥ አይደለችም። ሥራ አጥ መሆን አትችልም።

ይህን ከያዝን የሚቀጥለው አያስገርመንም፤ አንዳንዴ ምጣኔው የሚጨምረው ነገሩ ሲሻሻል ነው።

ቡሬ ላለፉት ዓመታት የኢንዱስትሪ ከተማ ትሆናለች ተብሎ ብዙ ተነግሯል። አገሪቱ ለሙከራ ከጀመረቻቸው አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ እዚህ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። የቡሬው በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሪችላንድ የተባለው የቻይና ኩባንያ አኩሪ አተር ለማቀነባበር ገብቶበታል። በዚያው ዓመት በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም አለው የተባለው የፊቤላ ፋብሪካም ከተማዋ ላይ ተመርቋል። የፓርኩ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ገበሬው አኩሪ አተሩንና በቆሎውን በየአካባቢው ባሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ያስረክባል፣ ምርቱ ወደ ፓርኩ ይሄዳል፣ እሴት ተጨምሮበት ይወጣል።

አንድ ፋብሪካ 300 ሰው ሊቀጥር ነው ተብሎ ወሬው ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናንና ቋሪት ቢደርስ ምን ይሆናል? 300 ሰው ብቻ አይመጣም። አባቱ እርሻ ላይ «ሥራ ያለው» ተብሎ የተመዘገበው ልጅ ጓዙን ሸክፎ ይመጣል፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፤ ከቀበሌ መታወቂያ ያወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ደጁ ይሰለፋል። አንድ ሺህ ሰው መጥቶ 300ው ቢቀጠር፣ ትናንት በስታቲስቲክስ ዓይን ሥራ ያላቸው የነበሩ 700 ወጣቶች ዛሬ የከተማ ሥራ አጦች ሆኑ። የቡሬ ምጣኔ ይወጣል። ግን አምና ደመወዝ ያልነበረው 300 ቤተሰብ ዘንድሮ ደመወዝ ያገኛል። ዋናው ቁምነገር ምጣኔው ከተስፋ ጋር መውጣቱ ነው። ተስፋው ሲቆረጥና 700ዎቹ ወደ አባታቸው እርሻ ሲመለሱ ደግሞ ምጣኔው ይወርዳል፤ ያኔ ዜናው «ሥራ አጥነት ቀነሰ» ይላል።

የሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት የሚባለው ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው ከምጣኔው ጋር ያቀላቅለዋል። ይኼኛው ከጥናት የመጣ አይደለም፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እየተደመረ የሚወጣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመደብ፣ ኋላም የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን ሥራ እንፈጥራለን ሲል፣ ከዚያም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲተካ፣ የሪፖርቱ ቁጥር እየገዘፈ ሄደ፤ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሥራ ተፈጠረ ሲባል ሰምተናል። በየዓመቱ ወደ ሥራ ገበያው የሚገባው አዲስ ሰው 2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነም በተደጋጋሚ ይነገራል። እስቲ ቀንሱት። በዓመት አንድ ሚሊዮን ይተርፋል። ይህ አምስት ዓመት ቢቀጥል አምስት ሚሊዮን የቆየ ሥራ አጥ ተቀጥሮ ያልቃል ማለት ነው፤ ቡሬ መታጠፊያው ላይ የሚቆም ሰው መጥፋት ነበረበት።

ያልጠፋው ሪፖርቱ መደመር እንጂ መቀነስ ስለማያውቅ ነው። በኅዳር ለሁለት ወር በጊዜያዊነት የተቀጠረ ልጅ «ተፈጠረለት» ይባላል፤ በጥር ሥራው ሲያልቅ «ጠፋበት» ብሎ የሚጽፍ ቅጽ የለም። በሚያዝያ ለግንባታ ቢቀጠር እንደገና ይፈጠርለታል። አንድ ሰው ሁለት ሥራ ሆነ። አምስት ሆነው ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ ዶሮ እርባታ ጀምረው በዓመቱ የፈረሱ ማኅበራትን የማያውቅ የምዕራብ ጎጃም ከተማ የለም፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም። ምሥረታቸው ተቆጥሯል፤ መፍረሳቸው የሚታወቀው ለተበዳሪዎቹና ለዋሶቻቸው ነው።

ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ቆጣሪው መድረስ አለበት፤ ይህን መርሳት አይገባም። የ2013ቱ ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አልሸፈነም። እንዲያውም ሥራ በብዛት የጠፋበት ቦታ ከስሌቱ ውጪ ሆኖ ነው አገር አቀፉ 8 በመቶ የወጣው። በአማራ ክልልም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ጊዜ በርክቷል። አይሱዙ ካላለፈ መታጠፊያው ላይ የሚቆመው ልጅ የሚያራግፈው የለም፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢውም ይቀራል። ከዚያም በላይ ሁሉም ናሙና የሚመዘነው በሕዝብ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። በመቶኛው ሥር ያለው «መቶ» ራሱ ግምት ነው።

ታዲያ ምንን እንመልከት? እኔ ሥራ አጥነትን ከመጠየቄ በፊት የቀን ሠራተኛ ምንዳን እጠይቃለሁ፤ በብር ሳይሆን በበቆሎ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አርሞ የሚያገኘው ገንዘብ ቡሬ ገበያ ላይ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ሲሄድ ምንዳው በብር ጨምሮ ነበር፤ ሠራተኛው «ጨመረልኝ» ብሎ ሳይጨርስ ገበያው ወሰደበት። የኪሎው ቁጥር ዓመት ከዓመት ከጨመረ የጉልበት ተፈላጊነት ጨምሯል፤ ከቀነሰ፣ ምጣኔው የፈለገውን ይበል፣ ሰው በዝቶ ሥራ አንሷል።

ሁለተኛው በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንደተሠራ ነው። ሦስተኛው ያለ ክፍያ ቤተሰብ የሚያግዙት ድርሻ ነው፤ ይህ በጥናቶቹ ውስጥ ራሱን ችሎ በሠንጠረዥ ተቀምጧል፣ ገልጦ የሚያይ ጠፋ እንጂ። ድርሻቸው ወርዶ የደመወዝተኛው ድርሻ ከወጣ እናቶች የሚሉት «ሥራ መያዝ» እየመጣ ነው።

ምጣኔው ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸፍን አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጎጃም ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አደባባይ ወጥቶ ነበር። ለበቆሎ አገር ያለ ማዳበሪያ መዝራት ምን ማለት እንደሆነ ያረሰ ያውቀዋል፤ ማሳው ቢጫ ይሆናል፣ አገዳው ይቀጭጫል፣ ከሄክታር የሚገባው ኩንታል ያሽቆለቁላል። ገበሬው ግን አረሰ፣ ዘራ፣ አረመ፤ ከወትሮው በላይም ደከመ። በዚያ ሰኔ መረጃ ሰብሳቢ ደጁ ቢደርስ «ሥራ አለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ማዳበሪያ ሞልቶ በተረፈበት ዓመት ከሚሰጠው መልስ አንድ ፊደል አይለይም ነበር።

መታጠፊያው ራሱ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለመቁጠርም መጠይቅ አይፈልግም። ኅዳር ላይ እዚያ ሂዱ፤ ጠዋት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በርበሬው ቀልቷል፣ ጤፉ ደርሷል፣ ማሳ ያለው ሰው የቀን ሠራተኛ ፍለጋ ማታውኑ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ልጆቹም ምሳ ይጨመር፣ ጠላ አይቅር እያሉ ይደራደራሉ። በመጋቢት ተመለሱ፤ ያው ፎጣ፣ ያው አካፋ፣ ያው ሩጫ። አንድ ዓመት በመጋቢት ሲሚንቶ የጫነው አይሱዙ ቆሞ፣ ረዳቱ «አራት ሰው!» ብሎ ተጣርቶ፣ ሁለት ብቻ ጠጋ ብለውለት፣ ከመኪናው ወርዶ ጀበና ቡናው ደጃፍ ድረስ በመሄድ «ስንት ልጨምር?» ማለት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ የጥናቱን ሪፖርት አውጥቼ ምን ይል ይሆን ብዬ አነበዋለሁ።